ጠይቃው ቢሆን ኖሮ በክፍል 12 ያልቅ ነበር

የማራኪዋ፦

ሰላም ናችሁ? ዛሬ በጣም ተናድጄ ነው የመጣሁት፤ ከመነሻው ልንገራችሁ።

ማታ ማታ ለአክስቴ ልብ ወለድ አነብላታለሁ። ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ፊደል አይለይላትም። መስማት ግን ትወዳለች። ድሮ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ሥራዋን ትታ ትሰማ እንደነበር እስካሁን ታወራልኛለች። ስለዚህ የተነበበላትን ሁሉ ዝም ብላ የምትቀበል ሰው አይደለችም። ቡናዋን ታፈላለች፣ እጣኗን ታጨሳለች፣ ከዚያ «እሺ፣ የት ላይ ነበርን?» ትለኛለች።

ከሁለት ወር በፊት በቴሌግራም በየቀኑ የሚለቀቅ ተከታታይ ታሪክ ጀመርን። አጀማመሩ ጥሩ ነበር። ልጅቷ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፣ እናቷን ትጦራለች፣ ቀልጣፋ ናት፣ ከሰው ጋር ተናግራ ትግባባለች። ወደድናት። ክፍል 12 ላይ እጮኛዋ እዚህ ጎንደር ፒያሳ አንድ ካፌ በር ላይ ሌላ ሴት አቅፎ አየችው። ዞራ ሄደች። ስልኳን ዘጋች። ሲም ካርዷን ሰብራ ጣለች። በነጋታው አዲስ አበባ ገባች።

አክስቴ ሲኒዋን ረከቦቱ ላይ አስቀመጠችና «እህቱ ናት» አለች።

«እንዴት አወቅሽ?»

«ሌላ ማን ልትሆን ነው? ደግሞስ ለምን አትጠይቀውም? አፍ የላትም?»

ቀጠልን። በታሪኩ ውስጥ ሦስት ዓመት አለፈ። እሷ ለሌላ ሰው ቀለበት አሰረች። እሱ መጠጥ ጀመረ። እናቱ ታመመች። ጓደኛ ተብዬው ደብዳቤ ደበቀ። ክፍል 61 ላይ እውነቱ ወጣ፤ ያቺ ሴት ከዓረብ አገር የተመለሰች እህቱ ነበረች።

አክስቴ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «ፋርማሲ የምትሠራ ልጅ ቀኑን ሙሉ ሰው ስትጠይቅ አይደል የምትውለው? ማን ታመመ፣ ስንት ዓመቱ ነው፣ ሌላ መድኃኒት ይወስዳል ወይ ትላለች። የራሷ ሲሆን አንድ ቃል አጣች? ይህን ሁሉ ጊዜ ያታለለን ጸሐፊው ነው» አለችኝና ነጠላዋን ሰብስባ ገባች። የማነበው እኔ ስለሆንኩ ያታለልኳት እኔ መሰለኝ። እውነቴን ነው፣ አዘንኩ።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። እናንተን ያንገሸገሻችሁ፣ ገና ሲጀምር «አሁን ደግሞ ይቺን ሊያመጣት ነው» የምትሉት የታሪክ ዘዴ የቱ ነው? ደራሲዎችስ ለምን አይተዉትም? በኔ በኩል አንደኛው ከላይ ያልኩት ነው፣ አንዲት ጥያቄ የምትጨርሰውን ነገር 50 ክፍል መጎተት። ከሱ ቀጥሎ ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው ወንድምና እህት ሆነው የሚገኙት። ከሱ ቀጥሎ «ለካ ሕልም ነበር»። በደንብ ተሠርቶ ያያችሁት ካለም ንገሩኝ። አክስቴ ሌላ ታሪክ እስካመጣላት እየጠበቀችኝ ነው።


አንገረብ ማዶ፦

እኔ አማርኛ አስተማሪ ነኝ። ስለ ሕልሙ እኔ ልናገር፣ ምክንያቱም በየዓመቱ የማርመው እኔ ነኝ።

አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ ነበረኝ። ድርሰት ጻፉ ስላቸው ስለ ጎርፍ ጻፈ። ክረምት ነው፣ የቀሃ ወንዝ ሞልቷል፣ የቤተሰቡ በሬ ማዶ ልሻገር ብሎ ውሃው ይዞታል። ልጁ ገመዱን ይዟል። ገመዱ መዳፉን እየላጠው ነው፣ ቢለቀው በሬው ይሄዳል፣ ካለቀቀው እሱም አብሮ ሊሄድ ነው። አባቱ ከኋላ «ልቀቀው!» እያለ ይጮኻል፣ ግን የአባቱ ድምፅ ውስጥ «አትልቀቀው» የሚል ነገርም ሰምቷል። የ10ኛ ክፍል ልጅ ነው ይህን የጻፈው። እያነበብኩ ከወንበሬ ተነሳሁ። ገጹን ገለበጥኩ፣ የመጨረሻው መስመር «ድንገት ከእንቅልፌ ባነንኩ» ይላል።

በነጋታው ጠራሁትና «ምነው?» አልኩት። «መጨረሻውን አላወቅሁትም፣ ቲቸር» አለኝ። ያ መልስ ብዙ አስተማረኝ። ሕልሙ፣ መንትያው፣ የተደበቀው ደብዳቤ፣ ሁሉም ከዚያ ነው የሚመጡት። ጸሐፊው ቋጠሮውን በሚገባ ቋጥሮታል፣ መፍቻው ጠፍቶታል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በጥንት ግሪክ ቴአትር ታሪኩ ማጠፊያው ሲያጥር አምላክ የሆነውን ተዋናይ በማንሻ ከላይ ያወርዱት ነበር። አምላኩ ይፈርዳል፣ ሁሉም ይስተካከላል። አርስቶትል ከ2300 ዓመት በፊት የታሪክ መፍቻ ከራሱ ከታሪኩ መውጣት አለበት እንጂ በማንሻ መምጣት የለበትም ብሎ ተችቶታል። የኛው ማንሻ ከአሜሪካ የሚመጣው አጎት ነው። ቤተሰቡ ከቤት ሊባረር አንድ ቀን ሲቀረው በሩ ይንኳኳል፣ ማንም ስሙን አንስቶት የማያውቅ አጎት ሻንጣ ይዞ ቆሟል።

ክፍል ውስጥ ንግር የምንለው ነገር፣ ወደፊት የሚመጣውን አስቀድሞ መጠቆም፣ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ያው አጎት በምዕራፍ 2 ከእናትየዋ ጋር በርስት ተጣልቶ እንደሄደ፣ እናትየዋም ፎቶውን ከግድግዳ አውርዳ ሣጥን ውስጥ እንደከተተችው አሳየኝ። ያን ጊዜ በሩ ሲንኳኳ ልቤ ይመታል። ምክንያቱም አሁን ጥያቄው ስለ ገንዘቡ መሆኑ ቀረ። በሩን ትከፍትለታለች ወይ ነው።

ስለ መንትያም እንዲሁ። ሮናልድ ኖክስ የሚባል እንግሊዛዊ ቄስና የወንጀል ልብ ወለድ ጸሐፊ በ1929 እ.ኤ.አ. ለዘርፉ ጸሐፊዎች 10 ደንቦች አውጥቶ ነበር። አንዱ፣ አንባቢው አስቀድሞ ካልተዘጋጀ በቀር መንትያ ወንድማማቾች ወደ ታሪኩ አይግቡ ይላል። መንትያ ክልክል ነው አላለም። አዘጋጀኝ ነው ያለው።

ልጁን ድርሰቱን መልሼ ሰጠሁትና ጨርሰህ አምጣ አልኩት። ለሁለት ሳምንት ያዘው። ሲያመጣው ልጁ ገመዱን ለቆታል። ከዚያ እስከ ቤት ድረስ አባቱ ከፊት፣ እሱ ከኋላ፣ ምንም ሳይነጋገሩ ሲሄዱ ነው የሚያልቀው።


ነጭ ጋወን፦

እናንተ፣ እኔን የሚያቃጥለኝ ሌላ ነው። ነርስ ነኝ፣ ድንገተኛ ክፍል ብዙ ሠርቻለሁ። በልብ ወለድ ውስጥ ሆስፒታል ሲገባ ልቤ ይደማል።

መጀመሪያ ያ ሁሉን የሚረሳው ሰውዬ። መኪና ይገጨዋል፣ ይነቃል፣ ስሙን አያውቅም፣ ሚስቱን አያውቅም፣ ሌላ ሊያገባ ይደርሳል፣ ከዚያ ደረጃ ላይ ወድቆ ጭንቅላቱን ሲመታ ሁሉም ይመለስለታል። ኧረ እንደሱ አይደለም! ጭንቅላቱን የተመታ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፋበት አደጋው ራሱና ከአደጋው በፊት የነበሩት ሰዓታት ናቸው፣ አንዳንዴ ቀናት። ስሙንና እናቱን አይረሳም። የሚቸግረው አዲስ ነገር መያዝ ነው። ሁለተኛው ምት ደግሞ መድኃኒት አይደለም። ገና ያላገገመ አንጎል ደግሞ ሲመታ ሊገድል ይችላል።

አንድ ጊዜ የባጃጅ ሹፌር መጣልን፣ ወጣት ልጅ። በየአምስት ደቂቃው «ባጃጇስ?» ይላል። እናቱ አጠገቡ ቁጭ ብላለች። «ደህና ናት የኔ ልጅ፣ ግቢ አስገብተዋታል» ትለዋለች። እፎይ ይላል። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ «ባጃጇስ?» ይላል። እሷም ልክ አሁን ገና እንደተጠየቀች፣ ያው ድምፅ፣ ያው «የኔ ልጅ»። ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ አደሩ። ባጃጇ ደህና አልነበረችም፣ ከጥቅም ውጪ ሆናለች። እናትየው ያን ሌሊት ስንት ጊዜ እንደዋሸች አስቡት፣ እያንዳንዷን ጊዜ ደግሞ እንደ አዲስ እያመማት። ይህን የጻፈ እስካሁን አላጋጠመኝም። እውነተኛው መርሳት እኮ ከፈጠራው የበለጠ ታሪክ አለው።

ሁለተኛ ደም። «ደሙ የሚገጥመው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም የጠፋው አባቱ!» ደም ለመስጠት ዘመድ መሆን አያስፈልግም። የሚታየው ኤ፣ ቢ፣ ኤቢ ወይም ኦ መሆኑ፣ ደግሞ አርኤች የሚባለው ፖዘቲቭ ወይም ኔጋቲቭ መሆኑ ነው። የገዛ ወንድምህ ላይገጥምህ ይችላል፣ መንገድ ላይ ያገኘኸው ሰው ይገጥምሃል። «የደም ዓይነታችን አንድ ነው፣ ስለዚህ ልጄ ነህ» ማለትም አይሠራም፣ የደም ዓይነታቸው አንድ የሆነ ሰዎች ከተማውን ሞልተውታል። ኩላሊት ከሆነ አዎ፣ እዚያ እህትና ወንድም የመግጠም ዕድላቸው ከሌላ ሰው የተሻለ ነው። ዘመድ ማምጣት የፈለገ ጸሐፊ ኩላሊት ይጠቀም።

ሦስተኛ ሳል። አንዲት ሴት በምዕራፍ 3 መሐረብ ላይ ከሳለች በምዕራፍ 9 ትቀበራለች። ሐኪም ቤት የሚወስዳት የለም፣ አክታ የሚመረምር የለም። ቲቢ በተለመደው መድኃኒት በ6 ወር የሚታከም በሽታ ነው። እኔ የምከታተላቸው ታካሚዎች መድኃኒቱን ሲጨርሱ እንጀራ ይዘውልኝ የመጡ አሉ። ልብ ወለድ አንብቦ «በቃ አለቀልኝ» ብሎ ቤቱ የሚቀር ሰው እንዳይኖር እፈራለሁ። ይህን ስል ከልቤ ነው።


ሳምና በር፦

አጭር ልጨምር፣ ሙያዬ ሕግ ነክ ነውና። ሀብታሙ አባት ሊሞት ሲል በአንድ ሰው ጆሮ «ቪላው ለእሷ ይሁን» ብሎ ትንፋሹ ይወጣል፣ ከዚያ ፍርድ ቤት ቪላውን ያስረክባታል። አይሆንም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቃል ኑዛዜ ሁለት ምስክር ይፈልጋል፣ ያም ሆኖ ከ500 ብር ያልበለጠ ስጦታ፣ ስለ ቀብር፣ ስለ ልጆች ሞግዚት እንጂ ቤት አይተላለፍበትም። በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜ ደግሞ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል። ከነዚያ ምስክሮች አንዱ ቢክድ፣ አንዱ ቢሞት፣ አንዱ ውጭ አገር ቢሄድ የሚመጣውን ጣጣ እኔ በየቀኑ ነው የማየው። አራት ሰው የሚያውቀው ምስጢር፣ በቃ እሱ ራሱ ልብ ወለድ ነው።


ጥር 11፦

የከተማችን ነገር እኔን ያሳዝነኛል። አስጎብኚ ነኝ፣ ስለዚህ ጎንደር ላይ የተጻፈ ነገር ሳገኝ ሳላነብ አላልፍም። ሁልጊዜ ያው ነው። ባለታሪኩ ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ ጥምቀት ነው፣ ሎሚ ይወረውራል፣ ሎሚው ጡቷ ላይ ያርፋል፣ ዓይን ለዓይን ይጋጫሉ፣ ሕዝቡ ሁሉ ይጠፋል፣ ሁለቱ ብቻ ይቀራሉ።

ጥር 11 ቀን ፋሲል መዋኛ አካባቢ ቆሞ የሚያውቅ ሰው ይህን አይጽፍም። ሕዝቡ አይጠፋም! ግድግዳውን ይዘው ከተንጠለጠሉት የዛፍ ሥሮች ላይ ሳይቀር ሰው ተሰቅሏል። ውሃው ተባርኮ ልጆቹ ሲዘሉ ያ ሁሉ ሕዝብ ባንድ ላይ ወደፊት ይገፋል። ባለፈው እኔ እህቴን እዚያው ይዣት መጥቼ አጣኋት፣ ያገኘኋት ቤት ነው። ፍቅር ሊጀመር አይችልም እያልኩ አይደለም፣ የኔም የተጀመረው በጥምቀት ነው፣ ግን ሎሚ አልነበረበትም። ጫማዋ ተረግጦ ወልቆ ጠፋ፣ ባዶ እግሯን ስትሄድ ጫማዬን አውልቄ ሰጠኋት፣ እኔ በካልሲ እስከ ፒያሳ ወጣሁ። በኔ ጫማ እየተጎተተች አጠገቤ ስትሄድ ነው ስሟን የጠየቅኳት።

አንዱ ደግሞ በነሐሴ ዝናብ መዋኛው ውስጥ ሲዋኙ ጽፏል። መዋኛው ዓመቱን ሙሉ ውሃ የለበትም። ለጥምቀት ነው ከቀሃ ውሃ የሚገባለት። ሌላው እኩለ ሌሊት ላይ ፋሲል ግቢ ውስጥ ያገናኛቸዋል። ግቢው በግንብ የታጠረ ነው፣ ማታ ይዘጋል፣ ጥበቃ አለው። እሺ፣ ይግቡ፣ ግን እንዴት እንደገቡ ይጻፋ! አጥሩን ሲዘል ሱሪው ይቀደድ፣ ዘበኛው የአጎቷ ልጅ ይሁን፣ የሆነ ነገር ይሁን።

ስለ አዘዞ መነኸሪያ፣ ስለ ቅዳሜ ገበያ ጭቃ፣ ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን ይዘን ስለምንሰለፍበት ወረፋ የሚጽፍልን መቼ ነው? እዚያ ወረፋ ላይ የማይጀመር ፍቅር፣ የማይጀመር ጠብ የለም።


የማታ ክፍል፦

እኔ ቴሌግራም ላይ ተከታታይ ታሪክ እጽፋለሁ። የማራኪዋ ያልሽው ታሪክ የኔ አይደለም፣ ግን የኔም ሊሆን ይችል ነበር። ስለዚህ መልስ አለብኝ።

በየቀኑ አንድ ክፍል እለቃለሁ። ቀን ሥራ አለኝ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ካልለቀቅሁ «ጸሐፊ የት ጠፋህ» የሚለው መልእክት ይዘንባል። ክፍሉ ማለቅ ያለበት ሰው ነገ እንዲመለስ በሚያደርግ ነገር ነው። ስለዚህ በር ይንኳኳል፣ ስልክ ይጮኻል፣ «ያየችውን ማመን አቃታት… ይቀጥላል» ይባላል። በሩን ማን እንዳንኳኳ እኔም አላውቅም። በማግሥቱ ከሥራ ስመለስ ታክሲ ውስጥ ነው የማስበው። መምህር፣ የተማሪዎ መልስ የኔም መልስ ነው። መጨረሻውን ሳላውቅ ነው የምጀምረው፣ ወደኋላ ተመልሼ ንግር ላስገባ ብል ክፍል 2 ከተለቀቀ ወር ሆኖታል። ሰው አንብቦታል።

ግን በአንድ ነገር አልስማማም። «ለምን አትጠይቀውም?» ላይ። እውነት እንነጋገር፣ እኛ እንጠያየቃለን? ባልና ሚስት ተኳርፈው በልጃቸው በኩል «አባትህን እራት ቀርቧል በለው» እየተባባሉ ወራት ይከርማሉ። እኔ እንዲህ ባለ ቤት ነው ያደግሁት። መልእክት አመላላሹ እኔ ነበርኩ። ምን እንዳጣላቸው አንዳቸውም ሌላውን አልጠየቁም። ዛሬም አልነገሩኝም። ይሉኝታ አለ፣ ኩራት አለ፣ «እኔ ቀድሜ ልናገር?» አለ። ስለዚህ አለመጠየቅ ውሸት አይደለም፣ በየቤታችን ያለ ነው።

ችግሩ ያ ይመስለኛል፣ እኛ ጸሐፊዎቹ አለመጠየቋን ብቻ ወስደን ምክንያቱን እንተወዋለን። ያቺ ፋርማሲ የምትሠራ ልጅ ተናግራ የምትግባባ ተብላ ተጽፋለች፣ ከዚያ በአንድ ቀን ዝምተኛ ሆነች፣ ጸሐፊው ዝምታዋን ስለፈለገው። እናቷ ባሏን ጠይቃ መልሱን በጥፊ ስታገኝ ልጅቷ በልጅነቷ አይታ ቢሆንስ? ያን ጊዜ አክስትሽ «ጠይቂው» እያለች ትጮኻለች፣ ግን ለምን እንደማትጠይቅ ታውቃለች። እያወቀች ነው የምትጮኸው። እንዲህ አድርጌ ጽፌ አላውቅም። መጻፍ ግን እፈልጋለሁ።


የቁስቋሙ፦

ልጆቼ፣ ጨዋታችሁ ደስ ብሎኝ ነው የገባሁት። ጡረታ ላይ ነኝ፣ ጊዜ አለኝ።

አጋጣሚን አትጥሉ ልላችሁ ነው። የከተማችን ትልቁ ታሪክ በአጋጣሚ ነው የሚጀምረው። ሲነገር የኖረው እንዲህ ነው፣ አጼ በካፋ ማንነታቸውን ሰውረው አገር ይዞሩ ነበር። ቋራ ሲደርሱ ታመሙ። አንድ ቤት አስጠጓቸው። የቤቱ ልጅ ንጉሥ መሆናቸውን ሳታውቅ አስታመመቻቸው። ሲድኑ አገቧት። እሷ እቴጌ ምንትዋብ ናት። አሁን እኔ ካለሁበት ወጣ ስል የቤተ መንግሥቷ ፍራሽ ይታየኛል።

እንግዲህ ተመልከቱ። ራስን መሰወር አለበት፣ ድንገተኛ ሕመም አለበት፣ ደሃ መሳይ ንጉሥ አለበት። እናንተ የጠላችሁት ሁሉ አለበት። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ሰልችቶኝ አያውቅም። ለምን ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ሕመሙ የመጣው መጀመሪያ ላይ ነው። ታሪኩን ከፈተው እንጂ አልዘጋውም። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የሴትዮዋ ሥራ ነው። ባሏ ሲሞቱ ልጇ ኢያሱ ሕፃን ነበር። ዘውድ ደፍታ ከልጇ ጋር አገር አስተዳደረች። እዚያ ላይ ንጉሥ ታሞ የሚያድናት አጋጣሚ የለም። ራሷ ናት። ችግር ውስጥ የሚከት አጋጣሚ ይምጣ፣ እሰየው። ከችግር የሚያወጣው አጋጣሚ ነው የሚያስቀይመኝ።

ልብስ ለውጦ መሰወርም በጽሑፋችን ከጥንቱ ያለ ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ፣ በ1900 ዓ.ም. ሮም የታተመው፣ ባለታሪኳ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ነው መንገድ የምትወጣው። በዚያ የጦርነት ዘመን ለሴት ልጅ መንገዱ ምን እንደሆነ ለሚያውቅ አንባቢ ልብሱ ጨዋታ አይደለም።

የማራኪዋ ልጄ፣ አክስትሽ በሬዲዮ የሰማችውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ንም አስታውሻት። በዛብህን ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉት ገና ሕፃን ሳለ ነው፣ እንዳይሞትባቸው ፈርተው። በኋላ ሰብለ ወንጌልን ሲወድ ያ ስለት ቀድሞ ነው የሚጠብቀው። ሐዲስ ዓለማየሁ እንቅፋቱን ከየትም አላመጡትም። ከእናትና አባት ፍቅር አመጡት።


የማራኪዋ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለት ማታ ፈጅቶብኝ የጻፋችሁትን በሙሉ ለአክስቴ አነበብኩላት።

የባጃጁ ልጅ እናት ላይ ስደርስ አስቁማኝ ደግመሽ አንብቢው አለችኝ። ጫማውን የሰጠውን ልጅ ወዳዋለች። አንቱንም «እኒህ ሰውዬ ልክ ናቸው፣ ስለቱን ረስቼው ነበር» ብላዎታለች።

የማታ ክፍል፣ ያንተ ላይ ግን ቡናው እስኪቀዘቅዝ ዝም አለች። ከዚያ እኔ ሰምቼው የማላውቀውን ነገር አወራችኝ። ከጎረቤቷ ጋር ስለ ምጣድ ሁለት ዓመት ተኳርፈው ነበር። አክስቴ አዲስ ምጣድ አሟሽታ ጓዳ አቁማ ገበያ ወጣች፣ ስትመለስ የለም። ያን ቀን ቤት ስትገባ ስትወጣ የታየችው ያቺ ጎረቤት ብቻ ናት።

«ለምን አልጠየቅሻትም?» አልኳት።

«ምን ብዬ? ምጣዴን አይተሻል ወይ ማለት እኮ ሌባ ነሽ ማለት ነው። አብረን ማኅበር የምንጠጣ ሰዎች። ብትመልስልኝስ በምን ዓይኔ ነው የማያት?»

ጎረቤቷም በበኩሏ ምን እንዳስቀየመቻት አልጠየቀችም። በሁለተኛው ዓመት የጎረቤቷ እናት ሞቱ። የለቅሶ ቤት እንጀራ ሲጋገር ምጣድ አነሰ። ጎረቤቷ በሩን ገፋ አድርጋ ገባችና፣ ሰላምታም ሳይኖር፣ «ምጣድ አለሽ?» አለቻት። አክስቴ ያላትን ሌላ ምጣድ አውጥታ ሰጠቻት። ጎን ለጎን ቆመው ጋገሩ። የጠፋውን ምጣድ የወሰደችው የአክስቴ የባሏ እህት እንደነበረች የታወቀው ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው፣ በዚያን ጊዜ ደግሞ ለማንም ጉዳይ አልነበረም።


የማታ ክፍል፦

እህቴ፣ ይህን ብጽፈው ትፈቅዳለች? ቀን በቀን ሳይሆን። እስከ መጨረሻው ጽፌ ጨርሼ ነው የምለቀው።


የማራኪዋ፦

ጠየቅኳት። «ይጻፈው» ብላለች። «የኔን ስም ግን አያንሳ፣ የሷንም። ደግሞ የመጀመሪያው እንጀራ ምጣዱ ላይ እንደተጣበቀ አይርሳ፣ ሁለታችንም እጃችን ይንቀጠቀጥ ነበር።»